የገደል ማሚቶ ምስክርነት፤ በጥንት ምድር ላይ ድምፅን ስለ ማጥናት የቀረበ ትችት

ከታሪክ በፊት ስለ ነበረው ሰው የሚጻፈው ነገር አብዛኛው ለዓይን የተጻፈ ነው። ድንጋዩ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አጥንቱ ይለካል፤ የአፈሩ ድርብርብ በቀለም እየተለየ በወረቀት ላይ ይሰመራል። ያ ሰው ግን ዓይን ብቻ አልነበረውም። ሲጨልም፥ ሣሩ ሲረዝም፥ አውሬው ከቍጥቋጦ ኋላ ሲያደባ፥ ነፍሱን ያተረፈለት ጆሮው እንደ ነበረ ለመገመት ብዙ መመራመር አያሻም። ይህን ጕድለት የተመለከቱ ሊቃውንት ካለፉት አርባ ዓመታት ገደማ ጀምሮ «የጥንት ሰው በዚህ ስፍራ ቆሞ ምን ይሰማ ነበር?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። ጥያቄው የተገባ ነው። ወደ መልሱ የሄዱበት መንገድ ግን አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ወደ ዕውቀት ያደርሳል፤ አንዳንዱም አጥኚው የራሱን ድምፅ መልሶ ከመስማት አያልፍም።

ነገሩ እኛን የሚመለከትበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በላይኛው አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ የሚባለው የቅድመ ታሪክ ስፍራ ይገኛል። ይህ ስፍራ ከባልጩት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዶች ይጐበኙታል፤ ተማሪዎችም ይመላለሱበታል። ስለ ድምፅ የሚደረገው ጥናት አንድ ቀን ወደዚያ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም በሌላ አገር የተሠራውን ስሕተት ተሸክሞ እንዳይመጣ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ስለዚህ በመጀመሪያ በውጭ አገር የተደረገውን ጥቂት እንመልከትና ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1994 እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ቲሊ ስለ መሬት ገጽታ ፌኖሜኖሎጂ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ፌኖሜኖሎጂ ማለት ነገር በሰው ሕሊናና ስሜት ፊት እንዴት ሆኖ እንደሚቀርብ የሚመረምር ፍልስፍና ነው። ቲሊ ይህን ፍልስፍና ይዘው በዌልስና በደቡብ እንግሊዝ በሚገኙት የጥንት መቃብሮችና ግንቦች መካከል በእግራቸው እየተጓዙ፥ ኮረብታው መቼ እንደሚታይ፥ መቼ እንደሚሰወር፥ መንገዱ ሰውን ወዴት እንደሚመራው ጻፉ። መጽሐፉ ለማንበብ ደስ ያሰኛል፤ ብዙ ወጣት አጥኚዎችንም ከቤተ መጻሕፍት አስወጥቶ ወደ ሜዳ ሰዷቸዋል። ነገር ግን ተመላላሹ የዘመናችን ሰው ነው፤ ጫማ ያደረገ፥ ካርታ የያዘ፥ ወደዚያ የሄደውም ሊያጠና እንጂ ሊኖር ያልሆነ ሰው ነው። አንድሩ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1999 የዌልስን መቃብሮች ነገር እንደገና መርምረው፥ ቲሊ አየሁት ያሉት የድንጋይና የመቃብር ዝምድና እንደ ተባለው ጽኑ አለመሆኑን አሳይተዋል። የእኛ ቅሬታ ከዚህ ይለያል። ዘዴው ዓይንን ከጆሮ ብዙ አስበልጧል፤ ጆሮን የጨመሩትም ተከታዮቹ ብዙዎቹ «እኔ ሰማሁ» የሚለውን ቃል «እነርሱ ሰሙ» ወደሚለው ያለ ድልድይ አሻግረውታል።

ከቲሊ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ኢጎር ሬዝኒኮፍና ሚሼል ዶቩዋ የተባሉ ሁለት ሰዎች በፈረንሳይ አገር ሥዕል ባለባቸው ዋሻዎች ውስጥ በድምፃቸው እያንጐራጐሩ፥ ዋሻው ድምፅን ይበልጥ የሚያስተጋባበትን ስፍራ ከሥዕሎቹ ስፍራ ጋር አስተያዩ። ሥዕሎቹ የሚበዙት ድምፅ በሚያስተጋባበት ስፍራ ነው ሲሉም ደመደሙ። ይህ በጆሮ የተደረገ ልኬት መሆኑን ሰው ይነቅፈዋል፤ እኛ ግን በዚህ አንነቅፋቸውም፤ ምክንያቱም በዋሻ ግድግዳ መካከል የሚያዜም ሰው ቢያንስ ጥንትም የነበረውን ግድግዳ እየጠየቀ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሥዕል በሌለበትስ ስፍራ ምን ያህል ደጋግመው አንጐራጐሩ?

ይህን ጥያቄ በቍጥር የመለሱት እ.ኤ.አ. በ2017 ብሩኖ ፋዜንዳና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሰሜን እስፓኝ በሚገኙት በኤል ካስቲዮ፥ በላ ጋርማና በሌሎችም ዋሻዎች ውስጥ የድምፅ መሣሪያ ተክለው፥ ሥዕል ያለበትንም የሌለበትንም ስፍራ ለኩ። ያገኙት ዝምድና ደካማ መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው ይህን ነው፤ ትልቁ ወሬ በ1988 ሲነገር ብዙ ሰው ሰማው፤ ትንሹና የተጠነቀቀው መልስ በ2017 ሲመጣ ግን የሰማው ጥቂት ነው። የተማሪ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰውም የመጀመሪያውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የእኛን ሰው ይበልጥ የሚስበው ስቲቨን ዎለር የተባሉት አሜሪካዊ ሐሳብ ይመስለናል። ዎለር እ.ኤ.አ. በ1993 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፥ በአለት ላይ የተሣሉት ሰኮና ያላቸው እንስሳት የተሣሉት የገደል ማሚቶ የምትመልሰው ጭብጨባ እንደ መንጋ ኮቴ በሚሰማበት ስፍራ ነው አሉ። የጥንት ሰው የማሚቶን ምክንያት ስላላወቀ፥ በአለቱ ውስጥ የሚናገር ነገር አለ ብሎ አመነ ማለታቸው ነው። ዎለር አማርኛ ቢያውቁ ኖሮ ደስታቸው እጥፍ በሆነ ነበር፤ ቋንቋችን ድምፅ የሚመልሰውን ገደል ዝም ብሎ አልተወውም፤ «ማሚቶ» ብሎ በሴት ልጅ ስም ጠርቶታል። ሆኖም ይህ ስም የሚያስረዳን አማርኛ ተናጋሪው ገደሉን እንዴት እንደ ቀለደበት ወይም እንዳቈላመጠው ነው። አማርኛ ባልነበረበት ዘመን የኖረ ሰው ምን እንዳሰበ አያስረዳም። ደግሞም ገደል ባለበት ሁሉ ማሚቶ አለች፤ ሥዕል ግን ገደል ባለበት ሁሉ የለም። ማሚቶን ለምስክርነት የሚጠራ ሰው፥ ሥዕል በሌለበትም ገደል ሄዶ እርስዋን መጠየቅ አለበት። አለበለዚያ የሚጠራት የሚወደውን ቃል ስለምትደግምለት ብቻ ይሆናል፤ የማሚቶም ጠባይ ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ አገር ሜዳ የሚስማማውን ሥራ የሠሩት ሱ ሃሚልተንና ሩት ዋይትሃውስ ናቸው። እነዚህ ሁለት ሴቶች በደቡብ ኢጣልያ ታቮሊዬሬ በሚባለው ሰፊ ሜዳ፥ በጥንት ጊዜ በቦይ ታጥረው በነበሩ መንደሮች ላይ ሰዎችን በተለያየ ርቀት እያቆሙ፥ ንግግር የሚሰማው እስከ የት እንደሆነ፥ ጩኸት የሚሰማው እስከ የት እንደሆነ በቅጽ መዘገቡ። ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል። ሥራቸው አስደናቂ ወሬ የለበትም፤ መናፍስትም፥ የተቀደሰ ማስተጋባትም አልተነገረበትም። እናት ከደጅ ሆና ልጅዋን ብትጠራ ልጁ ከእርሻው ዳር ይሰማት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። ለእኛ ግን ከዋሻው ማንጐራጐር ይልቅ ይህ ይበልጥብናል፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው ሄዶ ሊደግመውና «አልተሰማኝም» ሊል ይችላል።

አሁን ወደ አዋሽ እንሂድ። አንድ አጥኚ መልካ ቁንጡሬ ደርሶ፥ ከጐምቦሬ ወይም ከጋርባ ሸለቆ ዳር ቆሞ ቢያጨበጭብና ማሚቶው ቢመለስለት፥ የጥንቱን ሰው ድምፅ አገኘሁ ሊል ይችላልን? በፍጹም አይችልም። ጐምቦሬም ጋርባም ሲምቢሮም የሸለቆ ስሞች ናቸው። የድንጋዩ መሣሪያና አጥንቱ የተገኙት ጐርፍ አፈሩን እየቦረቦረ የቀደመውን ወለል ስለ ገለጠው ነው። እንግዲህ ዛሬ ጭብጨባን የሚመልሰው የሸለቆ ግድግዳ፥ ያ ሰው በኖረበት ጊዜ ግድግዳ አልነበረም፤ ከፊሉ ገና ያልተከመረ ደለል፥ ከፊሉም ገና ከእሳተ ገሞራ ያልወጣ አመድ ነበር። ሰውዬው የተቀመጠው በጅረት ዳር በተዘረጋ ወለል ላይ ነበረ፤ እኛ ግን በመቃብሩ ጕድጓድ ውስጥ ቆመን እናጨበጭባለን።

ለዚህ ነገር ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር ያለውን ኮዬ ፈጬን የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። ሠፈሩ ብዙ ዓመት ሳይሆነው የጤፍና የስንዴ እርሻ ነበረ። ጥቁሩ የመረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ለስላሳ መሬት ድምፅን ይውጣል እንጂ አይመልስም፤ የተጣራ ሰው ድምፁ ሄዶ ይቀራል። ዛሬ በዚያው አፈር ላይ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ለሕንፃ ፊት ለፊት ቆሟል። ዕጣው በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ ብርቱ ክርክር እንዳስነሣ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ስለ ክርክሩ ሌሎች ይጻፉ። ለእኛ ጕዳይ የሚበቃው፥ በሁለት ሲሚንቶ ግድግዳ መካከል የተደረገ አንድ ጭብጨባ እየተመላለሰ እንደሚንጣጣና፥ ከአንድ ትውልድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የአንድ ሜዳ ድምፅ ከሥር መሠረቱ መለወጡ ነው። በኮዬ ፈጬ የተወለደ የአሥር ዓመት ልጅ አያቱ በዚያው ስፍራ ይሰሙት የነበረውን ከቶ ሊሰማ አይችልም። በአሥርና በሃያ ዓመት ይህ ከሆነ፥ በሰባት መቶ ሺህ ዓመት ምን ይሆናል?

ቍጥሩን ለጌጥ አላመጣነውም። መልካ ቁንጡሬ እ.ኤ.አ. በ1963 በሆላንዳዊው የውሃ መሐንዲስ በጄራርድ ዴከር ከታወቀ በኋላ፥ ሙሴ ዣን ሻቫዮን ከ1965 ጀምረው ለብዙ ዓመታት ቈፍረውታል፤ በኋላም የኢጣልያ ሊቃውንት፥ በመጀመሪያ ማርቸሎ ፒፐርኖ፥ ከዚያም ማርጌሪታ ሙሲ ሥራውን ቀጥለዋል። ጐምቦሬ ሁለት ከሚባለው ስፍራ፥ ወደ 700,000 ዓመት በሚጠጋ የእሳተ ገሞራ አመድ ሥር፥ በጭቃ ላይ የታተመ የእግር ዱካ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ተገለጸ። የትልልቅ ሰዎች ዱካ አለበት፤ የሕፃናትም ዱካ አለበት፤ የጉማሬና የሌሎች እንስሳትም እንዲሁ። በዙሪያውም የድንጋይ መሣሪያና የታረደ ጉማሬ አጥንት ተገኝቷል።

ይህን ዱካ ያነበበ ሰው ድምፁን ለመስማት ቢቸኵል አይፈረድበትም። ሕፃን ባለበት ልቅሶና ሣቅ አለ፤ ጉማሬ ባለበት ማጓራት አለ፤ ጭቃ የረገጠ እግርም ጭልቅ ይላል። ነገር ግን እነዚህን ሦስቱን እንኳ እኩል ልናምናቸው አይገባም። ሕፃን ማልቀሱ አያጠራጥርም። ጉማሬው ግን ከዛሬው ጉማሬ ጋር የሥጋ ዘመድ ቢሆንም አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም፤ ድምፁም እንደ ዛሬው ነበረ ብሎ መማል አይቻልም። ሬሞንድ ቦንፊይ በዚያ ስፍራ ባጠኑት የአበባ ዱቄት የጥንቱ ዕፀዋት የደጋ ሣርና የደጋ ዛፍ መሆኑ ታውቋል። ይህም ለድምፅ ጥናት ከጭብጨባው ይልቅ ይጠቅማል፤ ረጅም ሣር ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል፤ ወፍራሙን ያሳልፈዋል። እንደዚሁም በደጋ አገር ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ፥ ከበላዩ ያለው አየር ግን ሞቅ ሲል፥ ድምፅ ወደ ላይ ማምለጡን ትቶ ወደ መሬት ይጐብጣል። የጅብ ጩኸት በንጋት ላይ ከአንድ ኮረብታ ማዶ እንደ ደጅ ሆኖ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሕግ በ700,000 ዓመት አልተለወጠም። እንግዲህ ከግድግዳው ማሚቶ ይልቅ ከሣሩ፥ ከአፈሩና ከአየሩ ቅዝቃዜ ተነሥቶ ማስላት የተሻለ መሠረት አለው።

ሆኖም በእኛ አስተያየት በመልካ ቁንጡሬ የድምፅ ጥናት መጀመር ያለበት ከሸለቆው አይደለም፤ ከመዳፍ ነው። ይህን ማለታችን እንዴት እንደሆነ እናስረዳ።

እንስራ ወይም ምጣድ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመቍረጡ በፊት ምን ያደርጋል? በጣቱ አጥንት ያንኳኳዋል። ሙሉ የሆነው ሸክላ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ዓይን ያላየውን ጆሮ ያገኘዋል። ድንጋይም እንዲሁ ነው። ዛሬ የጥንቱን ጥበብ ለመማር ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ሁሉ እንደሚመሰክሩት፥ ጤናማ ድንጋይ ሲመታ ይጠራል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ግን ድብን ብሎ ይቀራል። የተሳካ ምትና የከሸፈ ምትም በድምፅ ይለያያሉ። ይህ ባሕርይ የድንጋዩ እንጂ የዘመኑ ስላልሆነ፥ ዛሬ የምንሰማው የጥንቱም ሰው ሊሰማው የሚችል ነው። ከገደሉ ማሚቶ ጋር ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ገደሉ ተለውጧል፤ ድንጋዩ ግን ያው ነው።

መልካ ቁንጡሬም ለዚህ የታደለ ስፍራ ነው። ከስፍራው 7 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ሰሜን የጥቁር መስተዋት ድንጋይ ተትረፍርፎ ይገኛል፤ እኛ ባልጩት የምንለው ይህን ነው፤ አገሩም በስሙ ይጠራል። በሲምቢሮ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ባልጩትን እየመረጡ የእጅ መጥረቢያ በብዛት ይሠሩበት እንደ ነበረ እ.ኤ.አ. በ2023 ተጽፏል። በሌሎች የመልካ ቁንጡሬ ስፍራዎችም ባዛልትና ሌላ ድንጋይ ተፈልጧል። ባልጩት መስተዋት ስለሆነ ስንጣሪው ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ይንጫረራል፤ ባዛልት ይህን አያደርግም። ሁለቱን የሚፈልጥ እጅ ሁለት ዓይነት ድምፅ ለምዷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን እኛም እንደ ዎለር እንዳንሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ድንጋይ ድምፅ አለው ማለት፥ የጥንት ሰው ድምፁን እየሰማ መረጠ ማለት አይደለም። የሚፈተንበት መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገዱም አለ። በቍፋሮ ከሚገኙት ድንጋዮች መካከል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ተመትተው የተጣሉ ይኖራሉ። እነዚህ በውስጣቸው ስንጥቅ ያለባቸው መሆን አለመሆናቸው ሳይሰበሩ በኤክስ ሬይ ሊታይ ይቻላል። ከተጣሉት ይልቅ የተሠራባቸው ጤናማ ሆነው ቢገኙ፥ ሰውዬው ስንጥቁን ከመፍለጡ በፊት ያውቀው ነበር እንላለን። በምን አወቀ? በዓይን? በእጅ መንቀጥቀጥ? በጆሮ? ይህን ለመለየት ዛሬ ድንጋይ መፍለጥ የሚችሉ ሰዎችን አንድ ጊዜ ጆሮአቸውን በጥጥ ደፍኖ፥ አንድ ጊዜም ከፍቶ ማሠራትና የሚጥሉትን ድንጋይ መቍጠር ነው። ምናልባት ጆሮ ብዙ እንደማይጠቅም ይገኝ ይሆናል። ያ ከሆነ እርሱም ዕውቀት ነው፤ መፈተኑ የሚከበረው እንዲህ ያለውን መልስ ሊሰጥ ስለሚችል ነው።

ለዚህ ፈተና የሚሆኑ ሰዎችን ከባሕር ማዶ ማምጣት አያስፈልግም። በዓለም ላይ ድንጋይን ፈልጠው ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች እስከ እኛ ዘመን ከቀሩባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በጋሞ ይህን ሥራ ወንዶች ሲሠሩት በኮንሶ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ካትሪን ዊድማን አርተር ስለ ጋሞዎቹ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ስለ ኮንሶ ሴቶችም ከዚያ በፊት ጽፈዋል። የአውሮፓ አጥኚ በዋሻ ውስጥ ሲያንጐራጕር የጥንቱን ሰው ቦታ ተክቶ ነው፤ የኮንሶ እመቤት ግን ማንንም መተካት አያሻቸውም፤ ሥራቸው ነው። ስለ ድምፅ ቢጠየቁ የሚሉት ከሁላችን ግምት ይሻላል። ይህን ስንል ግን እኒህን ሰዎች የጥንት ዘመን ቅሪት አድርጎ ማየት ነውር መሆኑን አንዘነጋም። በገዛ ዘመናቸው የሚኖሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም በሙያቸው ምክንያት በጎረቤት ተንቀዋል። እንደ ጥንት ሰው ሳይሆን እንደ መምህር ሊጠየቁ ይገባል።

ስለ ጆሮም አንድ ቃል። እስፓኝ ውስጥ አታፑዌርካ በተባለ ስፍራ ከተገኙት 430,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ካላቸው አጥንቶች የመካከለኛው ጆሮ ቅርጽ ተለክቶ፥ እነዚያ ሰዎች በንግግር ድምፅ ወሰን ውስጥ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል መስማት እንደ ነበራቸው ከ2004 ጀምሮ ተጽፏል። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ምክንያቱም በስሜት ሳይሆን በአጥንት ይጀምራል። ግን ቋንቋችን መስማትን ከማዳመጥ ይለያል። አጥንቱ የሚናገረው ስለ መስማት ነው። ማዳመጥ ትምህርት ነው፤ እረኛው ከመንጋው መካከል የጠፋችውን አንዲት ከብት በድምፅዋ የሚለየው ጆሮው ከከተሜው ስለሚበልጥ አይደለም። የጥንት ሰው ምን ያዳምጥ እንደ ነበር የሚያሳየን ድንጋዩን ለመምረጥ ያደረገውን የመሰለ የሥራ ምልክት ብቻ ነው።

ግድግዳው የቀረበት ስፍራ በአገራችን የለምን? አለ። በባሌ ፊንጫ ሀበራ የተባለው የአለት ጥላ ከ47,000 ዓመት ጀምሮ ሰዎች ይጠለሉበት እንደ ነበረ እ.ኤ.አ. በ2019 ታውቋል፤ በድሬዳዋ አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻም፥ ሥዕል ያለበት ለጋ ኦዳም አሉ። በእነዚህ ስፍራዎች አለቱ ከመልካ ቁንጡሬ ሸለቆ ይልቅ ይታመናል። ቢሆንም ወለሉ በአመድና በአቧራ ከፍ ብሏል፤ ጣሪያው ለጆሮ ቀርቧል፤ የቈፈሩትም ሊቃውንት ወለሉን መልሰው ዝቅ አድርገውታል። በቍፋሮ ጕድጓድ አጠገብ የተለካ ድምፅ የማንኛውም ዘመን ድምፅ አይደለም። በሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 የስቶንሄንጅን ድንጋዮች ሁሉ፥ የጠፉትን ጨምረው፥ በአሥራ ሁለት እጥፍ አሳንሰው የሠሩትና በአምሳያው ውስጥ ድምፅን የለኩት ይህን ችግር ስለ ተረዱ ነው፤ ከፈራረሰው ይልቅ የተሟላውን ለመጠየቅ።

አንባቢው «መረዋስ?» ሊል ይችላል። በጣና ደሴቶች ገዳማትና በሌሎችም ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ከዛፍ ወይም ከእንጨት ላይ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ሲመታ እንደ ነሐስ ይጠራል። ድምፁ ያማረ ዘፋኝን እስከ ዛሬ «ድምፀ መረዋ» እንላለን። ከዚህ ተነሥቶ የድንጋይ ደወል ከቅድመ ታሪክ የወረደ ነው ብሎ መጻፍ ቀላልና የሚያስደስት ነው፤ እኛ ግን ይህን መስመር የሚያገናኝ ማስረጃ አናይም። የቤተ ክርስቲያን ደወል የቤተ ክርስቲያን ነው። መረዋ የሚያስተምረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጠራን ድንጋይ ከማይጠራው ለይቶ የመምረጥ ጆሮ በዚህ አገር ሕያው ሙያ መሆኑን። ደወሉን የመረጡት አባቶች በየት ተራራ ስንት ድንጋይ አንኳኵተው አንዱን እንዳነሡ የሚያውቅ መነኵሴ ካለ፥ ቃሉ መጻፍ ያለበት ዛሬ ነው።

ይህ «ዛሬ» የሚለው ቃል ወደ ኮዬ ፈጬ ይመልሰናል። በከተማው ዙሪያ፥ በሰበታም፥ በቡራዩም፥ በሱሉልታም፥ ሜዳው በሕንፃና በመንገድ እየተለወጠ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ያረሱት የኦሮሞ ገበሬዎች ከማሳ ማዶ መጣራትን፥ ሰብል የሚጠብቅ ልጅ ከማማ ላይ ሆኖ ወፍ ማባረሩን፥ ድምፅ በየትኛው ነፋስ እንደሚደርስ በየትኛው እንደሚጠፋ ያውቃሉ። የመልካ ቁንጡሬን ሣር ለማስላት የሚፈልግ አጥኚ ለዚህ ደጋ ሜዳ ልኬት ያስፈልገዋል፤ ሜዳው ደግሞ አይጠብቀውም። ሃሚልተንና ዋይትሃውስ በኢጣልያ ያደረጉት ገና ባልተሠራበት እርሻ ላይ፥ ከባለ እርሻው ጋር፥ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተጠየቀ ሊደረግ ይገባል።

መሣሪያውም ርካሽ ነው። የውጭ አገር አጥኚዎች አጭርና ብርቱ ድምፅ ለማግኘት ፊኛ ያፈነዳሉ ወይም ባዶ ሽጕጥ ይተኵሳሉ። እኛ ጅራፍ አለን። የጅራፍ ጫፍ ሲጮኽ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሮጦ ስለሆነ፥ ድምፁ አጭርና ስለታም ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ስለማይሰጥ ለዚያ ከበሮ ይጨመርበታል። አንዱ ያጮኻል፤ ሌላው በ50፥ በ100፥ በ200 ሜትር ላይ መቅረጫ ይዞ ይቆማል፤ ሦስተኛው የሣሩን ቁመት፥ የነፋሱን አቅጣጫ፥ የአየሩን ሙቀት ይጽፋል። ሥራው በነሐሴ፥ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ይዘው በየሜዳው በሚወጡበት ሰሞን ቢጀመር አጮኺ አይታጣም፤ ያን ጊዜ ግን መረሬው ረጥቦና ሣሩ ረዝሞ ስለሚገኝ፥ በዚያው መስመር በዚያው ርቀት በጥር ወር፥ አፈሩ ሲሰነጠቅ፥ አንድ ጊዜ በቀትር አንድ ጊዜም ከንጋት በፊት መደገም ይኖርበታል።